የእንግሊዝኛ መለማመጃ ምሽት ላይ ወሬ ለሚያልቅባችሁ

ቋንቋ ትምህርት ቤቶች በሚያዘጋጁት ምሽት ላይ ስም ተጠያይቃችሁ ጭጭ የምትሉ ከሆነ፣ አንድ አጭር ገጠመኝ ይዛችሁ ሂዱ። አውቶቡስ ያመለጣችሁ ቀንም ይሆናል። ያንኑ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች አውሩት፤ መጀመሪያ በ4 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ3፣ ከዚያ በ2። መምህራን ክፍል ውስጥም የሚያሠሩት የታወቀ ልምምድ ነው። ምን ልበል የሚለው ጭንቀት ስለሚቀርላችሁ ሐሳባችሁ አነጋገሩ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ የተንተባተባችሁበት ያለፈ ጊዜ ግስ በሦስተኛው ዙር ሳታስቡት ይወጣል። ታዲያ ሰዓት እያያችሁ አታውሩ፣ ሰው ያስቀይማል፤ በግምት ይበቃል። ጽፋችሁም አትሸምድዱ፤ መሀል ላይ ጥያቄ ከመጣ ሁሉም ይጠፋባችኋል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ገና የሚከብደው ጀማሪ ግን ይህን ያቆየው፤ ለጊዜው ጠያቂ ቢሆን ይሻለዋል።