ድሬ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ የአምራቹን ቃል እንዴት ይፈትሹ?

የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ መኪና መግዛት ማለት ኤሌክትሪክ መግዛት ሆኗል። ሁሉም አምራች ለአየር ንብረት እቆረቆራለሁ ይላል። እኛ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ መኪናው እዚህ በርግጥ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በድሬ ሙቀት በአራት ዓመት ባትሪው ከሞተ ጥቅሙ ለማንም አይደለም።

ከአምራቹ ታሪክ ይጀምሩ። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ2021 «በ2030 ኤሌክትሪክ ብቻ እሸጣለሁ» ብሎ በ2024 ዕቅዱን አላላ። ቢዋይዲ በ2022 በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና ማምረቱን አቁሟል፤ የነዳጅ ሞተርና ባትሪ የቀላቀሉትን ግን አሁንም ይሠራል። የቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖች በፍተሻ ሰዓት ብቻ የጭስ ልቀት እንዲቀንሱ ተደርገው መሠራታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል። ዓመታዊ ሪፖርት ካገኙ «የተሸጡ መኪኖች በአገልግሎት ላይ የሚያወጡት ልቀት» የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ። የነዳጅ መኪና ከሚያመርት ድርጅት ልቀት ትልቁ ድርሻ ያለው እዚያ ነው። ስለ ፋብሪካው ጣሪያ ሶላር ብቻ የሚያወራ ሪፖርት ዋናውን ነገር ዘሎታል።

ቀጥሎ መኪናው አንዴ ተሞልቶ የሚሄደውን ርቀት ቁጥር ይመርምሩ። ከቻይና የሚመጣው መኪና ወረቀት ላይ ያለው «ሲኤልቲሲ» የሚባለው መለኪያ ነው፤ ከአውሮፓው «ደብሊውኤልቲፒ» ይልቅ አብዝቶ ያሳያል። 500 ኪሎ ሜትር ካለ እኛ ጋ ኤሲ ተከፍቶ 350 ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ለብቻው ያስሉት። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ይህ በሜዳ ከሚፈጀው ላይ የሚጨመር ነው። ሲወርድ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ ከፊሉ ይመለሳል። ሐረር ወይም ሐረማያ ላይ 100 በመቶ ሞልተው ከተነሱ ግን ቁልቁለቱ ላይ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ያጣል፤ መኪናው በሞተር መያዙን ይቀንስና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራውም ይግላል። ስለዚህ 90 በመቶ ሲሆን ይንቀሉት።

ባትሪው ላይ አይቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፎች ባትሪያቸው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የለውም። አሪዞና ሙቀት ውስጥ ቶሎ ስለደከሙ አምራቹ የአቅም ዋስትና ለመጨመር ተገዷል። ድሬ ለሚኖር ሰው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሌለው ባትሪ፣ በርካሽ ቢገኝም፣ አንመክርም። ኬሚስትሪውንም (ባትሪው የተሠራበትን ንጥረ ነገር ዓይነት) ይጠይቁ፦ «ኤልኤፍፒ» ሙቀትንና መላልሶ መሙላትን የተሻለ ይችላል፤ አልፎ አልፎ 100 በመቶ ሲሞላ መለኪያው ይስተካከላል። «ኤንኤምሲ» ከሆነ የዘወትር ጣሪያዎ 80 በመቶ ይሁን። ሞልተው ፀሐይ ላይ አያቁሙት፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው።

አስመጪው «የ8 ዓመት ዋስትና አለው» ሲል ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ የገባ መኪና የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ ድንበር አይሻገርም። የባትሪው አቅም ከስንት በታች ሲወርድ ዋስትናው እንደሚሠራ (የተለመደው 70 በመቶ ነው) እና ባትሪውን የሚጠግነው ማን እንደሆነ በአማርኛ ውል ይጻፍ። የቻርጅ ሶኬቱም የቻይናው «ጂቢቲ» ይሁን የአውሮፓው «ሲሲኤስ2» ቀድመው ይዩት።

በመጨረሻ የቤትዎን መስመር ያሳዩ። በ220 ቮልት 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 17 ሰዓት ያልፋል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ አርዝ ያስፈልገዋል። አርዝ ከሌለ ብዙ ቻርጀሮች ጭራሽ አይጀምሩም። በማከፋፈያ ገመድ መሙላት ሶኬቱን ሊያቀልጥ ይችላል፤ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚጎትት ልል መገጣጠሚያ ሁሉ ይግላል።