የማይታወቅ ቡሎን ጥርስ በወረቀት መለየት

የወፍጮ ወይ የቶርኖ ማሽን ላይ ያለ ቡሎን ጥርሱ ሚሊ ይሁን ኢንች ካላወቃችሁ በግምት አታስገድዱት፣ ሁለት ዙር ገብቶ ከጠበቀ በቃ በላችሁት ማለት ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ደግሞ ሌላ መፈለግ ነው።

ቡሎኑ ላይ ያለውን ጥቁር ዘይት አትጥረጉት። ነጭ ወረቀት ጥርሱ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት መስመር መስመር ሆኖ ይታተማል፣ ከዛ ከአንዱ መስመር ጀምራችሁ 10 ክፍተት ቁጠሩና በማስመሪያ ለኩት። 17.5 ሚሊ ከመጣ የተለመደው ባለ 12 ሚሊ ቡሎን ነው፣ ግማሽ ኢንች ከሆነ ግን የተለመደው የአሜሪካኑ 19.5 የድሮው የእንግሊዝ ደግሞ 21 ገደማ ይመጣል። አንዱን ጥርስ ብቻ ብትለኩ ልዩነቱ በአይን አይያዝም፣ በ10 ሲባዛ ነው የሚጋለጠው።

የውስጥ ጥርስ ከሆነ የልብስ ሳሙና ቆርጣችሁ በጎን ጫን አድርጉትና ሳታዞሩ አንሱት፣ ቅርጹን ይዞ ይወጣል።

የቧንቧ ፊቲንግ ላይ ስሙን አትመኑ፣ ግማሽ ኢንች የሚባለው የውጪ ስፋቱ በካሊፐር ሲለካ 21 ሚሊ አካባቢ ነው። ደግሞ የእንግሊዙም የአሜሪካኑም ግማሽ ኢንች ቧንቧ በኢንች 14 ጥርስ ነው፣ የሚለዩት በጥርሱ ማዕዘን (55 እና 60 ዲግሪ) ስለሆነ ወረቀቱ አያሳያችሁም፤ ስለዚህ የሃይድሮሊክ መስመር ላይ በዚህ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገጥሙ። የተበላ ወይ የተሳበ ቡሎንም ይዋሻል፣ ያልተነካ ጥርሱን ፈልጋችሁ ለኩ።