ክሬን ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ መጋዘኑን እይ

ከጅዳ የተመለሰው የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ባለ 25 ቶን ክሬን ሊገዛ ነው። ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ ቤቴ መጥቶ «አጎቴ፣ የጃፓኑ ታዳኖ ይሻላል ወይስ የቻይናው ኤክስሲኤምጂ?» አለኝ። ክሬን ማከራየት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ለእሱ የነገርኩትን እዚህ ላስፍረው።

ቡሙ፣ ማለትም ረጅሙ የክሬኑ ክንድ ላይ የተጻፈው ስም የማሽኑ ሁሉ ስም አይደለም። አምራቹ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከአንዱ፣ ካምቢዮውን ከሌላው፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑን ከሦስተኛው ገዝቶ ይገጣጥማል። ስለዚህ ማሽኑን በሐሳብህ ሦስት ቦታ ክፈለው። አንደኛው ክፍል የከባድ መኪና መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ የሚገኘው ነው፦ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ ባልስትራ። ከቻይና ክሬኖች አንዳንዶቹ በሲኖትራክ የምናውቀውን የደብሊውዲ 615 ሞተር ይዘው ይመጣሉ፤ እንዲህ ያለው ቢቆም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ይደወላል፣ ዕቃው በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነው። ሁሉም እንዲህ ስላልሆኑ የሻጩን ቃል ትተህ የሞተሩን ሰሌዳ ራስህ አንብብ። ሁለተኛው እዚሁ አገር ባለሙያ የሚሠራው ነው። የሃይድሮሊክ ቱቦ በልኩ ተቆርጦ ጫፉ ይታሰራል፤ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የሲሊንደር ጎሚኒ በመጠኑ ይፈለጋል። ሦስተኛው ከፋብሪካው በቀር ማንም የሌለው ነው፦ ኮምፒውተሩ፣ የቡሙን ርዝመትና ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ፣ ላይኛውን አካል የሚያዞረው ትልቁ ኩሽኔታ። ስለ ስም መከራከር የሚገባው ለዚህ ለሦስተኛው ነው።

ይህንን የተማርኩት 47 ቀን ቆሜ ነው። የነበረኝ ክሬን ጥሩ ስም ያለው ነበር፤ ሻጩም «መለዋወጫ ሞልቷል» ብሎኛል። አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የጣሪያ ብረት ስናነሳ የቡሙን ርዝመት የሚለካው የሽቦ መጠቅለያ ተሰበረ። ሰፌድ የሚያህል ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ ርዝመቱን ማወቅ ሲያቅተው ማሽኑን ቆለፈው። ሻጩ መጋዘን የተገኘው ፊልትሮና ዘይት ብቻ! «ሽቦውን አገናኝተህ መለኪያውን እለፈውና ሥራህን ቀጥል» የሚል መካሪ አልጠፋም። እንቢ አልኩ። ባለ 25 ቶን ክሬን 25 ቶን የሚያነሳው ጭነቱ ከመዞሪያው መሃል 3 ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን ነው፤ ቡሙ ተዘርግቶ ጭነቱ 14 ሜትር ሲርቅ የሚችለው ጥቂት ቶን ብቻ ነው። መለኪያው የሌለው ክሬን ይህን አይነግርህም፣ ይገለበጣል። እኔ ዕቃው እስኪመጣ የኦፕሬተሩን ደመወዝና የባንኩን ዕዳ እየከፈልኩ ጠበቅሁ።

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ፈትነው። ከሦስተኛው ክፍል ሦስት ዕቃ ምረጥ፤ ቁጥራቸውን ከማሽኑ የመለዋወጫ መጽሐፍ ላይ በሻንሲ ቁጥሩ አውጣ። አንድ ሞዴል በዓመቱ ይለያያልና የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። መጽሐፉ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ችግር አለ። ከዚያ ዋጋውንና ኮምቦልቻ የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቅ። ቢሮ ካለው የሽያጭ ሠራተኛ ይልቅ መጋዘን ጠባቂውን አነጋግር፤ እሱ መደርደሪያውን ያውቀዋል። ግቢው ጥግ ላይ ሣር የበቀለባቸው ማሽኖች ካሉ ደግሞ ምን ጎድሏቸው እንደቆሙ ጠይቅ።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ቡሙን ከፍ አድርገህ ሞተሩን አጥፋ፣ የሲሊንደሩን ዘንግ በጠመኔ ምልክት አድርግበት፣ ሄደህ ቡና ጠጣ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ዝቅ ማለቱ አያስደንግጥህ፤ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ግን ጎሚኒው ወይም ቫልቩ አልቋል። የኩባንያውን ዕጣም አጣራ። ዴማግ የተባለው ክሬን ሠሪ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ታዳኖ ተዛውሯል፤ የድሮውን ማሽን ዕቃ አሁን ማን እንደሚያቀርብ ሳታውቅ ቀብድ አትክፈል።

የእኔ ምርጫ? ታዳኖ በ1955 እ.ኤ.አ. በጃፓን የመጀመሪያውን የሃይድሮሊክ መኪና ክሬን የሠራ ነው፤ ብረቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን ለአዲስ ገዢ፣ ለ25 ቶን ሥራ፣ ወሎ ውስጥ፣ አንደኛው ክፍሉ በየሱቁ የሚገኝ የቻይና ክሬን እመርጣለሁ። ሊብኸርና ግሮቭ የሚባሉት ክሬኖችም ግሩም ናቸው፤ የራሱ መካኒክ ላለው ትልቅ ተቋራጭ ይሁኑ። ሞተሩ ቱርቦ ይኑረው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ያለ ቱርቦ አቀበቱ ላይ ጉልበት ያንሰዋል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ የሚያልቀው የፍሬን ሸራ ነው። ዝቅተኛ ድኝ ያለው ናፍጣና ጭሱን ለማጣራት የሚጨመር ፈሳሽ ዩሪያ የሚፈልግ አዲስ ሞተር ከሆነ ሁለቱንም ከየት እንደምታገኝ አስቀድመህ አስብ።

የእህቴ ልጅ በሙራባሃ ነው የሚገዛው፤ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥለታል። ፕሮፎርማው ውስጥ የአንድ ዓመት ፊልትሮ፣ አንድ የጎሚኒ ስብስብና ያቺ ሰፌድ እንዲገቡ ባንኩን እንዲጠይቅ ነገርኩት። ብር በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የተባለ ዋጋ ለከርሞ አይሠራም፤ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይጻፍ። መካኒክ ኮምቦልቻ ሲመጣ አበሉን ማን እንደሚችልም እንዲሁ። በ2014 መንገዱ በጦርነት ሲዘጋ ፊልትሮ ቤቱ ያስቀመጠና ያላስቀመጠ ሰው አንድ አልነበሩም።

ትናንት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ሰፌዷ አለች! ካርቶኗ አቧራ ለብሷል።» ቁጥሩን አንብብልኝ አልኩት። እኔም በፎቶ የላከልኝን የመጽሐፉን ገጽ ይዤ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ተለየ።

«ሌላ መጋዘን ሂድ» አልኩት።