የኮራል ገንዳን ውኃ በድሬዳዋ ሙቀት ጠብቆ ማቆየት እንዴት ይቻላል?

በቤት ውስጥ ኮራል (በባሕር ውስጥ እንደ ተክል ባለበት ተተክሎ የሚያድግ እንስሳ) ስለ ማሳደግ የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ ከብርዳማ አገሮች የመጡ በመሆናቸው ውኃን ስለ ማሞቅ ብዙ ያስተምራሉ። ድሬዳዋ ላይ ማሞቂያ በዓመት ጥቂት ሌሊቶች ብቻ የሚሠራ ዕቃ ነው። እዚህ የገንዳውን ዕጣ የሚወስኑት ሙቀቱና ከቧንቧ የሚወርደው ኖራ የበዛበት ውኃ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ገንዳውን ለማቀዝቀዝ ውኃው እንዲተን ይደረጋል፤ የተነነው በሌላ ውኃ ይተካል፤ የሚተካው ውኃ ምን እንደያዘ ካልታወቀ ደግሞ ኮራሉ ቀስ በቀስ ይሞታል። እኔ ይህን የተማርኩት በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ኮራሎቼን በሙሉ ከገደልኩ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን መምረጥ

የከሰዓት ፀሐይ የማይደርስበት፣ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ በቀጥታ ከላይ የማይግልበት ክፍል ይምረጡ። ለጀማሪ ከ100 ሊትር በታች የሆነ ገንዳ አልመክርም፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዋማነቱም ቶሎ ይለዋወጣልና። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከነድንጋዩ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን መቆሚያው ጠንካራ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ገመዶች ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው እንደገና ወደ ላይ እንዲወጡ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ጨዋማ ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ጨዋማውን ውኃ ማዘጋጀት

ጅቡቲ በባቡር መስመሩ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ «የባሕሩን ውኃ በጀሪካን ማስመጣት አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በእኔ አስተያየት አይሻልም። በወደብ አካባቢ የተቀዳ ውኃ ዘይትና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል፤ ንጹሕ ቢሆን እንኳ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕይወታውያን በተዘጋ ጀሪካን ውስጥ በመንገዱ ሙቀት ሞተው ይበሰብሳሉ። ከአፋር የሚመጣው የገበታ ጨውም አይተካውም፤ እርሱ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን፣ ኮራል የሚፈልጋቸውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ካርቦኔት በሚገባው መጠን አልያዘም። ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው መግዛት ግድ ነው፤ ዋጋው ቢያምም በዚህ ላይ መቆጠብ አይቻልም።

በተጣራ ውኃ ላይ ጨው ይጨመራል እንጂ በጨው ላይ ውኃ አይፈስም። ሁለተኛው ከተደረገ ካልሲየሙ ከካርቦኔቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ነጭ ዱቄት ታች ይዘቅጣል። ለ20 ሊትር ውኃ 750 ግራም ያህል ጨው መዝኖ፣ በትንሽ ፓምፕ እያዞሩ አንድ ሌሊት ማሳደር በቂ ነው። ጨዋማነቱ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል መሆን አለበት። መለኪያው ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ቢሆን ይመረጣል፤ በርካሽ የሚሸጠው ተንሳፋፊ የፕላስቲክ መለኪያ እጁ ላይ አረፋ ሲይዝ ያሳስታል። ሪፍራክቶሜትሩን ራሱን ደግሞ ጨዋማነቱ 35 በሆነ የመፈተሻ ፈሳሽ ማስተካከል ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ ማቀዝቀዝ

ለአብዛኞቹ ኮራሎች ተስማሚው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ ቀለሙም በአብዛኛው ከእነርሱ ነው። ውኃው 29 እና 30 ዲግሪ ላይ ሲከርም ኮራሉ እነዚህን አልጌዎች ያባርራል፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም በረሃብ ሊሞት ይችላል።

ድሬዳዋ ደረቅ አየር ስላላት ርካሹ ማቀዝቀዣ በውኃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር ነው። የገንዳውን ክዳን አንስቶ በምትኩ ዓሣ እንዳይዘል መረብ መዘርጋት፣ ቬንትሌተሩንም ወደ ውኃው አጋድሎ ማሰር ነው። አሠራሩ የሸክላ ገንቦ ውኃን የሚያቀዘቅዝበት ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 200 ሊትር ውኃን በ3 ዲግሪ ገደማ ሊያበርድ ይችላል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የእኔ ገንዳ በቀን እስከ 6 ሊትር ይተናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የውኃ ማቀዝቀዣ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አልክድም፤ ሆኖም ከውኃው ያወጣውን ሙቀት እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሚለቀው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡን ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ የተነነውን መተካት

እነሆ ዋናው ጉዳይ። ሲተን የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው በገንዳው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ ውኃ እንጂ በጨዋማ ውኃ አይደለም። ከ200 ሊትር 6 ሊትር ሲጎድል ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 36 ስለሚወጣ፣ አንድ ቀን መዝለል እንኳ ይታወቃል። በመስታወቱ ላይ በፕላስተር መስመር ምልክት አድርጎ ውኃውን ሁልጊዜ እስከዚያ መሙላት ያስፈልጋል።

የእኔ ስሕተት የጀመረው «ንጹሕ» የሚለውን ቃል በራሴ መንገድ በመተርጎሜ ነው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሁሉ የውኃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ የቧንቧችን ውኃ ደግሞ ሁለቱንም ሞልቶታል፤ እንግዲያው ሌላው ሰው በገንዘብ የሚገዛውን እኔ ከቧንቧ በነጻ አገኛለሁ። ነገሩ ብልሃት መስሎኝ ለጓደኞቼ ሳይቀር አወራሁ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ውኃውን በባልዲ እያሳደርኩ በየቀኑ 6 ሊትር ጨመርኩ።

ሒሳቡን የሠራሁት ከጉዳቱ በኋላ ነበር። በውኃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን የሚለካው ትንሽ ቲዲኤስ መለኪያ በቤቴ ቧንቧ ውኃ ላይ በሊትር 740 ሚሊ ግራም አሳየኝ። በቀን 6 ሊትር ማለት በወር ከ130 ግራም በላይ የሟሟ ነገር ገንዳው ውስጥ መክተት ነው፤ የሚወጣበት በር ደግሞ የለም። የካርቦኔቱን መጠን የሚያሳየው አልካሊኒቲ የሚባለው ልኬት በቧንቧው ውኃ 19 ዲግሪ (የሙቀት ሳይሆን የአልካሊኒቲ መለኪያ) ሆኖ ተገኘ። ይህም የገንዳዬን አልካሊኒቲ በቀን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምረዋል፤ ጥቂት ትንንሽ ኮራሎች ደግሞ ያን ያህል አይጠቀሙም። በ10 ቀን ውስጥ ከ8 ወደ 13 ወጣ። የፓምፑ መዘውር በነጭ ቅርፊት ተያዘ፣ የቅርንጫፋማው ኮራል ጫፎች እንደተቃጠለ ክር ነጡ፣ ድንጋዩንም አረንጓዴ ጸጉራም አልጌ ለበሰው። በከተማ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርግ ናይትሬት ሊኖር እንደሚችልና ለአልጌ ማዳበሪያ እንደሚሆን ያኔ አላሰብኩም ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኮራሎቹ ገና አልሞቱም ነበር። የገደላቸው ሁለተኛው ስሕተቴ፣ ማለትም ችኮላዬ ነው። ደንግጬ በአንድ ሌሊት የገንዳውን ውኃ በግማሽ ቀየርኩት፤ አልካሊኒቲውም በአንድ ጊዜ ሁለት ዲግሪ ተኩል ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሥጋቸው ከአጽማቸው እየተላጠ ወረደ። ከፍ ያለ አልካሊኒቲ መውረድ ያለበት በቀን ቢበዛ በአንድ ዲግሪ ነው፤ እኔ ዛሬ ከግማሽ ዲግሪ አላሳልፍም።

ውኃን ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ማፍላት የተወሰነውን ኖራ ቢያዘቅጥም ናይትሬቱንና የቀረውን ጨው ይብስ ያከማቸዋል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ሃይላንድም ለሰው መጠጥ የተዘጋጀ በመሆኑ ማዕድን አለው፤ በዚያ ላይ በቀን 6 ሊትር ሃይላንድ የሚገዛ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የማጣሪያውን ዋጋ ይጨርሳል። የሚያዛልቀው ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ማጣሪያ ነው፤ ከመጨረሻው ላይ ቀሪውን የሚይዝ ሬዚን (ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) ያለው መሆን አለበት። ውኃው በመጀመሪያ ዝቃጭ በሚይዝ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በከሰል ያልፋል፤ ከሰሉ ክሎሪኑን ካላስቀረ ስስ ሽፋኑ ይበላሻል። ሽፋኑ ከሟሟው ነገር አብዛኛውን ያስቀራል፤ በእኔ ቤት ከ740 ወደ 25 ያወርደዋል። ሬዚኑ ይህን ወደ 0 ያደርሰዋል። መለኪያው 0 ማሳየቱን ሲያቆም ሬዚኑ ይቀየራል፤ «ትንሽ ቢጨምር ምን አለበት» የሚል ሰው የእኔን ታሪክ ከመጀመሪያው ያንብብ።

ማጣሪያውን ገዝተው የሚያማርሩ ሰዎች ችግራቸው ብዙውን ጊዜ ግፊት ነው። ሽፋኑ በሚገባ ለመሥራት ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ከሮቶ ነው፤ ነገር ግን በ3 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ለማጣሪያው የሚሠራ አነስተኛ ግፊት ጨማሪ ፓምፕ አብሮ መግዛት ይገባል። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 3 ወይም 4 ሊትር ተረፈ ውኃ ይወጣል፤ እርሱን በባልዲ ማጠራቀምና ለወለልና ለመጸዳጃ ማዋል እንጂ ማፍሰስ በዚህች ከተማ ነውር ነው።

ንጹሑን ውኃ በአንድ ጊዜ ከመድፋት ይልቅ ማንጠባጠብ ይሻላል። ተንሳፋፊ ያለው ራስ ሠር መሙያ ይሸጣል፤ ከነሐስ ወይም ከመዳብ የተሠራ ክፍል ያለውን ግን አይግዙ፤ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ለኮራል መርዝ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩት ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ነበር። ጀሪካኑን ከገንዳው ከፍ አድርጎ፣ መቆጣጠሪያውን በሰዓት 250 ሚሊ ሊትር ላይ ካስተካከሉት 6 ሊትሩን በ24 ሰዓት ያወርደዋል።

ደረጃ 5 እና 6፦ ባክቴሪያ ማራባት፣ መለካትና ውኃ መቀየር

ገንዳው ድንጋይና ውኃ ብቻ ይዞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት አለበት፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚባዙት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መለካት ይገባል፦ አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 11 ዲግሪ፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም ከ1250 እስከ 1350፣ ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1። ናይትሬትና ፎስፌትን 0 ለማድረግ መሯሯጥ ስሕተት ነው፤ ኮራል ይገረጣል፣ ቡናማና ዝልግልግ ተውሳክም ይወርሳል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ይበልጣል፤ 8 ላይ የጸና አልካሊኒቲ በ9 እና በ11 መካከል ከሚዋልል ይሻላል።

በየሳምንቱ ከውኃው 10 በመቶ ያህሉን፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር በተመጣጠነ አዲስ ውኃ መቀየር ለጥቂት ኮራሎች ይበቃል። ኮራሎቹ ሲያድጉ ካልሲየምና አልካሊኒቲ መጨመር የግድ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ በተጣራ ውኃ ውስጥ ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ ማንጠባጠብ ይቻላል። ይህ ኖራ ቢሆንም መጠኑ የታወቀ ኖራ ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ግን አይሆንም፤ ፈሳሹም የሚያቃጥል ስለሆነ በጓንት ይያዝ።

ደረጃ 7፦ ኮራሉን ማስገባት

እንደ እንጉዳይ ኮራልና ቆዳ ኮራል ባሉ ለስላሳ ዓይነቶች ይጀምሩ። ከባሕር ተነቅሎ የመጣ ሳይሆን በገንዳ ውስጥ ከቁራጭ ያደገ ይምረጡ፤ የድንጋይ ኮራሎች ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ስለሆኑ ድንበር የሚሻገሩት በፈቃድ ነው። ዞአንቲድ የተባሉት አበባ መሰሎች ውብ ቢሆኑም አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተሰኘ አደገኛ መርዝ አላቸው፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይቁረጧቸው፤ የበቀሉበትንም ድንጋይ ፈጽሞ አይቀቅሉ፤ በእንፋሎቱ የተመረዙ ሰዎች አሉ። መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዓታት ይብራ፤ መጀመሪያ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ይጨምር።

ደረጃ 8፦ መብራት ሲጠፋና ከቤት ሲርቁ

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። ሞቃት ጨዋማ ውኃ ራሱ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃው የሚይዘው በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ያንሳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪና በቀጥታ በእርሱ የሚሠራ አንድ የውኃ ማዞሪያ ፓምፕ ካለዎት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ገንዳው ሌሊቱን ያልፋል። የውኃው ገጽ መናወጡን ብቻ ያረጋግጡ። በዚያ ሰዓት ዓሣ አይመገብ።

ለጥቂት ቀናት ከቤት ስርቅ ገንዳውን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ገጽ መመሪያ ጽፌ ብሰጣት፣ ከሁሉ ያነሰውን ሥራ፣ ዓሣ ማብላቱን፣ ከሁሉ አብልጣ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሁለት ጀሪካን ለይቼ ካስቀመጥኩ ወዲህ ወረቀት አያስፈልገንም፤ ቢጫው የቤት ነው፣ ሰማያዊው የኮራሉ ነው፤ ከሰማያዊው እስከ ፕላስተሩ መስመር ትሞላለች፤ ሌላ ምንም አትነካም።