ቤተሰብ የሚሳተፍበት የሳይንስና የተፈጥሮ ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንዴት ይዘጋጃል?

እኔ በማውቃቸው የጎጃም ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወንበሩን የሚይዘው በአብዛኛው ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሲሆን፣ እናትና አባት ልጃቸውን ይዘው የሚገቡበት ምክንያት እምብዛም የለም። ቤተሰብ በአንድነት የሚመጣበትን መርሐ ግብር ለመጀመር የላቦራቶሪ ዕቃ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚበቃው ነገር በየቤቱና በየማሳው ይገኛል።

ቀኑን ስትመርጡ በቅድሚያ የገበያውን ቀን ተዉት። እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ይስማማል። በማስታወቂያው ላይ ልጆች ከወላጅ ወይም ከአያት ጋር እንዲመጡ፣ ለመሳተፍም ማንበብ መቻል ግዴታ እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ፤ ቤተ መጻሕፍት የፊደል ሰው ቤት ብቻ እየመሰላቸው ከበር የሚመለሱ ወላጆች ብዙዎች ናቸውና። ማስታወቂያውን የማያነቡትም እንዲሰሙ በዕድር ስብሰባ ላይ ማስነገር ይረዳል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አፈር ቢሆን እመክራለሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጓሮው ወይም ከማሳው ጥቂት አፈርና አንድ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ይዞ ይምጣ። አንድ ጊዜ አፈሩን ራሴ ሞልቼ ባቀርብ ልጆቹ ከሩቅ አይተው አለፉ፤ የገዛ መሬታቸው አፈር ሲሆን ግን ከፕላስቲኩ አጠገብ አልነቃነቅም አሉ። የፕላስቲኩን አንድ ሦስተኛ በአፈር፣ የቀረውን አናቱን ጥቂት አስቀርታችሁ በውኃ ሙሉ፤ ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቁና ልጁ በደንብ ይናጠው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል፣ ሸክላው ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ውኃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። የዋልካና የቀይ መሬት አፈር ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ አንሡ፦ ክረምት ላይ ዐባይ ለምን ይደፈርሳል? መልሱ በእጃቸው ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ከጮቄ ተራራና ከሌሎች ተዳፋቶች ታጥቦ ሩቅ አገር የሚደርሰው ያ ቶሎ የማይዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነውና። ቀጥላችሁ በሁለት ዘንበል ያሉ ሳፋዎች፣ በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሌላው ከነሥሩ የተነሣ ሣር አድርጋችሁ፣ እኩል ውኃ አፍስሱባቸውና ከታች የሚወጣውን አስተያዩ። ስለ እርከን የሚያስረዳው ከዚያ በኋላ ገበሬው አባት ይሁን፤ አስተናባሪው ዝም ማለትን መልመድ አለበት።

ለእናቶችና ለአያቶች ደግሞ እንዶድ አለላቸው። የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ በውኃ ሲናጥ የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። ይህን ስትነግሩ አያቲቱ ስለ እንዶድ የምታውቀውን ለልጆቹ ታጫውት። ፍሬው ቢዋጥ መርዛማ ስለሆነ፣ አረፋውም ዓይን ስለሚያቃጥል፣ የሚወቅጠውና የሚንጠው አዋቂ ብቻ ይሁን።

ሚያዝያ ላይ የማይታለፍ ቀን አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሚያዝያ 9 ገደማ፣ ባሕር ዳር ላይ ከሦስት ቀን ያህል በኋላ፣ ፀሐይ በቀትር በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። በግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ አስተካክላችሁ ትከሉ፤ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጥላው ከእንጨቱ ሥር ይጠፋል። ከዚያ በፊት በቀትር ወደ ሰሜን ይወድቅ የነበረው ጥላ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልጆቹ ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን ቀና ብለው እንዳያዩ አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ። ቴርሞሜትር ከተገኘም የፈላ ውኃ ለኩ፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በደጋ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ እናቶች ወዲያው ይረዱታል።

ከግቢ መውጣት ስትፈልጉ ከቤተ ክርስቲያን ደን የሚበልጥ ቦታ የለም። አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ ቅጠልም ቢሆን አትቁረጡ። ወይራውን፣ ዋንዛውንና ጥዱን ሽማግሌዎች በስም ሲጠሩ፣ ልጆቹ ስሙንና ለምን እንደሚጠቅም በደብተር ይመዝግቡ።

በየጊዜው በጉዳዩ ላይ የተጻፉ መጻሕፍትን ከመደርደሪያ አውጥታችሁ በሥራው ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። የአፈር ፕላስቲኮቹን ግን አትድፉ፤ የቤተሰቡን ስምና የሰፈሩን ስም ለጥፋችሁ በመስኮቱ ላይ ደርድሯቸው። ማክሰኞና ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የኔ ውኃ ጠራ ወይ እያሉ የሚገቡ ልጆች ይኖራሉ፤ ማስመሪያ ስጧቸውና ንብርብሩን በሚሊ ሜትር ለክተው ይጻፉ።