ቅርንጫፍና ሠራተኛ ሲጠቋቆሙ፦ በኦአርኤም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ፣ ሜክሲኮና ካዛንቺስ ቅርንጫፍ ላለው ካፌ የሠራተኛ መዝገብ በሃይበርኔት እየሠራችሁ ነው እንበል፤ ሃይበርኔት የጃቫ ኦአርኤም ነው፣ ማለትም የኮድ ክላሶችን ከዳታቤዝ ሠንጠረዦች ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ። ቅርንጫፍ የሠራተኞች ዝርዝር አለው። ሠራተኛዋም የምትሠራበትን ቅርንጫፍ ትይዛለች። እንዲህ መጠቋቆማቸው ጥፋት የለውም፤ ሥራውም እንደዚያው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከአያያዙ ነው።

ኢንቲቲውን (ከሠንጠረዥ ጋር የተያያዘውን ክላስ) እንዳለ ወደ ጄሰን (መረጃ መላኪያ የጽሑፍ ቅርጽ) መቀየር። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጄሰኑን የሚጽፈው የጃቫ ላይብረሪ፣ ጃክሰን፣ የፒያሳን ቅርንጫፍ መጻፍ ይጀምራል። ሠራተኞቹ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዋን ይከፍታል። እሷ ውስጥ ቅርንጫፏን ያገኛል፤ ተመልሶ ፒያሳ። እንዲህ ሲዞር ስታክ ኦቨርፍሎው (ማለቂያ የሌለው ጥሪ ሜሞሪውን ሲሞላ የሚወጣ ስህተት) ይመጣል። ከ2.16 ጀምሮ ያለው ጃክሰን ጥልቀቱ 1000 ሲያልፍ ራሱ ያቆመዋል፤ ጥያቄው ግን ያው ከሽፏል።

የተለመደው መፍትሔ አንዱ ጎን ላይ ጄሰን ኢግኖር (ይህን ፊልድ አትጻፍ የሚል ምልክት) ለጥፎ መገላገል ነው። ለዛሬ ይሠራል። ነገ የሠራተኛዋ ገጽ የቅርንጫፉን ስም ሲፈልግ ግን ስሙ የለም። ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ዲቲኦ (የሚላከውን መረጃ ብቻ የያዘ ክላስ) ብትሠሩለት ይሻላል፤ ለሠራተኛዋ የቅርንጫፉ መለያ ቁጥርና ስም ይበቃታል። ክላስ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን ደመወዟ ሳታስቡት ወደ ስልክ አፑ እንዳይወጣ የሚጠብቃችሁም እሱ ነው። ዶትኔት የምትጠቀሙ ከስሪት 6 ጀምሮ ኢግኖር ሳይክልስ አላችሁ። ዙሩን በናል፣ ማለትም በባዶ እሴት፣ ይቆርጠዋል፤ ፍሮንትኤንድ የሚሠራው ልጅ ግን ናሉ ከየት እንደመጣ ሲፈልግ ይውላል።

ለጃቫ ክላስ የተለመደውን ኮድ ራሱ የሚሠራው የሎምቦክ ዳታ አኖቴሽንም ያንኑ ዙር ያመጣል። ቱስትሪንግና ሃሽኮድ የሚባሉትን ሜተዶች ከሁሉም ፊልድ ስለሚሠራ አንዲት የሎግ መስመር ትበቃዋለች። ግንኙነቶቹን ከሁለቱም ሜተዶች አስወጡ።

አንዱን ጎን ብቻ መሙላት። ይሄኛው ድምፅ ስለሌለው ይከፋል። አዲሷን ሠራተኛ ሜክሲኮ ዝርዝር ውስጥ ጨመራችሁ፣ ሴቭ አላችሁ፣ ምንም ስህተት አልወጣም። ሠንጠረዡን ብትከፍቱ የቅርንጫፍ ዓምዷ ባዶ ነው። ማፕድ ባይ ያለበት ጎን (እዚህ የቅርንጫፉ ዝርዝር) ለንባብ ብቻ ነው፤ ሃይበርኔት ፎሪን ኪዩን (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ የሚጠቁመውን ቁልፍ) የሚጽፈው ሠራተኛዋ ላይ ካለው ፊልድ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ሠራተኛ የሚጨምር አንድ ሜተድ ጻፉ፤ ሁለቱንም ጎን እሱ ይሙላ። ዝርዝሩን በቀጥታ ማንም አይንካው።

ካስኬድ ኦልን (አንዱ ላይ የተደረገውን ወደ ተያያዘው የሚያስተላልፍ ቅንብር) ሁለቱም ጎን ላይ ማድረግ። አንዷ ሥራ ለቀቀችና ሰረዛችኋት። ስረዛው ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ባልደረቦቿ ሁሉ ይሄዳል። ከልጅ (ከሠራተኛዋ) ወደ ወላጅ (ወደ ቅርንጫፉ) ካስኬድ አታድርጉ፤ በቃ።

ሁለቱንም ቁልፍ ኖት ናል (ባዶ መሆን የማይችል) ማድረግ። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አለው እንበል፤ ሥራ አስኪያጁም ያው ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ዓምዶች ግዴታ ከሆኑ ካዛንቺስን መጀመሪያ እንዴት ታስገባላችሁ? ሠራተኛ የለም። ሠራተኛውንስ? ቅርንጫፍ የለም። የሥራ አስኪያጁን ዓምድ ባዶ እንዲሆን ፍቀዱለት፦ ቅርንጫፉ ይግባ፣ ሠራተኛው ይግባ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ይታደስ። የፓይተን ኦአርኤም በሆነው ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ፖስት አፕዴት የሚባለው ይህን የመጨረሻ እርምጃ ራሱ ይሠራላችኋል። ከዳታቤዞቹ ፖስትግሬስ የፎሪን ኪዩን ምርመራ እስከ ኮሚት (ለውጦቹ እስኪጸኑ) ማዘግየት ይፈቅዳል። ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ (በማከማቻ ሞተሩ) ወዲያው ስለሚመረምር እዚያ ባዶ ዓምዱን መፍቀዱ ይቀላችኋል።