ቆሞ ለሚውል ቮልስ የሚሆን የሞተር ዘይት

በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም በወር አንዴ ብቻ ከግቢ የሚወጣ ቮልስ ያለው ሰው ዘይት ሲገዛ ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ብራንድ እንደሚሻል ነው። ብራንዱ የመጨረሻ ጥያቄ ይሁን። ቆሞ የሚውል ሞተር ዘይቱን ሠርቶ አይጨርሰውም፤ ውሃና ቤንዚን እየተቀላቀለበት ያበላሸዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መኪና ልከኛ ዋጋ ያለውን ተገቢ ዘይት ገዝቶ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ውድ ዘይት ገዝቶ ሁለት ዓመት ከማቆየት በብዙ ይበልጣል።

እዚህ የምንናገረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ስለተሠሩት፣ በአየር ስለሚቀዘቅዙት ቮልሶች ነው። ሞተራቸው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ይይዛል። የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፤ ያላቸው ከሞተሩ ሆድ ሥር የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ትልልቅ ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ደቃቁን ያሳልፋል። ደቃቁ ቆሻሻ ከሞተሩ የሚወጣው ዘይቱ ሲቀየር ብቻ ነው።

ዘይቱን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻዎቹ (በፒስቶኑ ቀለበቶች) ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ያለ መንገድ ከሄደ ይህ ውሃ ተንኖ ይወጣል። 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለሚቆም መኪና ግን ጊዜው አይበቃም። ውሃው እዚያው ይቀርና ከቃጠሎው ቅሪት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። መኪናው በቆመባቸው ሳምንታት ውስጥ ዘይቱ ተንጠባጥቦ የወረደባቸውን ብረቶች የሚያዝገው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቤንዚን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል። ቾኩ ደግሞ በየማለዳው ይጨምርበታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። በዚህ ላይ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ከተቀደደ፣ ወይም የካርቡሬተሩ መርፌ በደንብ ካልዘጋ፣ ቤንዚኑ በቀጥታ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል።

ይህን ማወቂያው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ከላይኛው መስመር ካለፈ፣ ምንም ዓይነት ዘይት ቢገዙ መፍትሔ አይሆንም። መጀመሪያ ፓምፑና ካርቡሬተሩ ይሠሩ፣ ከዚያ ዘይቱ ይቀየር። አንዳንድ ሰው ዘይት የማይቀንስ መኪና አለኝ ብሎ ይደሰታል፤ የሚያቃጥለውን ያህል ቤንዚን እየገባበት ሊሆን ስለሚችል ሽታውን ማየት አይቅር።

ውፍረቱ

ቆርቆሮው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ውፍረቱን ይነግራሉ። ከ“ደብሊው” (W) በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ነው። 20 ደብሊው የሚባለው ዘይት ለማስነሳት እንዳይከብድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፣ 15 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ አዲስ አበባን ወደ 5 ዲግሪ ቢያወርዳትም ከዚህ ወለል በጣም የራቀች ናት፤ ስለዚህ በሁለቱም ሞተሩ ይነሳል። ልዩነቱ ዘይቱ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) እና ኩሽኔታዎቹ ዘንድ ለመድረስ በሚወስደው ጊዜ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ቆሞ የደረቀ ሞተር በተነሳ ቁጥር የሚበላው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ በብርድ ቶሎ የሚፈሰው ይመረጣል።

ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። 40 ሲሆን ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ)፣ 50 ሲሆን ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ ይሆናል። ፋብሪካው ለሞቃት ወቅት ያዘዘው ነጠላ 30 ቁጥርን፣ በጣም ለሚሞቅ አገር ደግሞ 40ን ነበር። 50 ቁጥር ለዚህ ሞተር ከተፈለገው በላይ ወፍራም ነው ማለት ነው። ሆኖም ጥቂት ቤንዚን የገባበት 40 ቁጥር ዘይት እንደ 30 ስለሚሆን፣ መነሻው 40 ቢሆን ይሻላል።

ምክራችን እንዲህ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለጎንደርና ለመሳሰለው ደጋና ወይና ደጋ 15 ደብሊው 40 ይግዙ። 10 ደብሊው 40 ከተገኘም ጥሩ ነው። ድሬዳዋ፣ አዳማ ወይም አዋሽ አካባቢ ለሚነዳ፣ ወይም ሲሞቅ በሚኒሞ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ለሚልበት ያረጀ ሞተር 20 ደብሊው 50 ይሁን። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ብቻ ነው፤ በወፍራም ዘይት ቢጠፋም ሞተሩ መታየት እንዳለበት አይርሱ።

“አሮጌ ሞተር ወፍራም ይወዳል” የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉዳት አለው። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን የግፊት መቀነሻው ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱ በማቀዝቀዣው እንዳያልፍ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ በቆመ መኪና ላይ የዚህ ቫልቭ ፒስቶን ተጣብቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ሙሉው ግፊት ማቀዝቀዣው ላይ ያርፍና ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ጭስ ለመቀነስ ተብሎ የማርሽ ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር መቀላቀልም ፈጽሞ አይገባም፤ የተሠራበት ኬሚካል ለማርሽ ጥርስ እንጂ ለሞተር አይደለም።

ፊደሎቹ

ቆርቆሮው ላይ ከኤ.ፒ.አይ (API፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ቀጥሎ የሚጻፉትን ፊደሎች ያንብቡ። በ“ኤስ” የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ“ሲ” የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ኤስኤ እና ኤስቢ የሚል ካጋጠመዎት ዋጋው ቢረክስም ይተዉት፤ ሞተሩን የሚጠብቅ በቂ ኬሚካል የለውም።

የቮልስ ካምሻፍትና ታፔት ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተቱ የሚሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ፍትጊያ የሚችለው ዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ነው። ፎስፈረስ የዘመናዊ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ኤስኤም ደረጃ ጀምሮ እንደ 5 ደብሊው 30 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች ላይ መጠኑ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ገደቡ 15 ደብሊው 40ን እና 20 ደብሊው 50ን አይጨምርም። ለአዲስ ቶዮታ የሚገዛው ቀጭን ሲንተቲክ ለቮልስ የማይሆነው አንድም በቅጥነቱ፣ አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጭነት መኪና የሚሸጠው፣ “ሲአይ-4/ኤስኤል” የሚል የተጻፈበት 15 ደብሊው 40 ለዚህ ሞተር በጣም ጥሩ ነው፤ ኬሚካሉ የበዛ ነው፣ በየማደያው ይገኛል፣ ዋጋውም ልከኛ ነው። ኤስኤል የሚለው ፊደል አብሮ መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ። ሙሉ ሲንተቲክ ጉዳት የለውም፤ ቤንዚንና ውሃ ግን እሱንም እኩል ያበላሹታል፣ ስለዚህ ለሚቆም መኪና ተጨማሪ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት አይታየንም።

ፊልትሮ ለሌለው ሞተር ማጽጃ ኬሚካል የሌለው ዘይት ይሻላል፣ ቆሻሻው ይዝቀጥ የሚሉ መካኒኮች አሉ። ይህ ስህተት ነው። ፋብሪካው ራሱ ማጽጃ ያለውን ዘይት ነው ያዘዘው። የዘቀጠ ቆሻሻ ዘይቱ ሲፈስ አብሮ አይወጣም፤ እየጠጠረ ሄዶ የዘይት መተላለፊያዎችን ይደፍናል። ታሪኩ የማይታወቅና በዝቃጭ የተሞላ ሞተር ከገዙ ግን የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 ኪሎ ሜትር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ይቀይሩት፣ ማጽጃው የሚያላቅቀውን ቆሻሻ ይዞ ይውጣ። በናፍጣ ማጠብ ይቅር። ናፍጣው በማቀዝቀዣውና በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ይቀርና አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

የሚገዙት ቆርቆሮ ክዳኑ ያልተነካ፣ ማሸጊያው ያልተፈታ መሆኑን ይዩ። በልቅ የሚሸጥ ዘይት ምንነቱ ስለማይታወቅ አይግዙ።

ሲቀይሩ

መጀመሪያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይንዱት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ሜዳ ላይ አቁመው ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ዕቃ ከሥር ያስቀምጡ። ወንፊቱን ከሥር የሚዘጋው ክብ ሳህን መሃል ላይ ማፍሰሻ ቡሎን ካለ በእሱ ያፍስሱ፤ የኋለኞቹ ላይ ስለሌለ ስድስቱን ዳዶዎች በጥቂቱ ማላላት ይበቃል። ፈሶ ሲያልቅ ዳዶዎቹን በ10 ቁልፍ ፈትተው ሳህኑን፣ ጓርኒሲዮኖቹንና ወንፊቱን ያውርዱ።

ወንፊቱን ቶሎ አያጥቡት፤ መጀመሪያ ይዩት። ጥቁር ዝቃጭ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ በማግኔት ይሞክሩት፤ ማግኔት የሚይዘው ከካምሻፍት፣ ከታፔት ወይም ከማርሽ የመጣ ብረት ነው፣ የማይዘው ደግሞ ከኩሽኔታ ወይም ከፒስቶን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላምባ አጥበው ያድርቁት። ሲመልሱት የዘይት መሳቢያው ቱቦ በወንፊቱ ቀዳዳ ውስጥ ሳይላላ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከላላ ቆሻሻው በጎን ያልፋል።

ከወንፊቱ ላይና ታች ሁለት አዲስ ጓርኒሲዮን፣ በየዳዶው ሥር አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ያስገቡ። ጥብቀቱ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል፣ በመስቀለኛ እያፈራረቁ ያጥብቁ። በክንድ ኃይል የሚያጠብቅ ሰው የሞተሩን ጥርስ ይነቅላል፤ በከተማው ካሉ ዘይት የሚያንጠባጥቡ ቮልሶች ብዙዎቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው።

2.3 ሊትር ያህል ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ለክተው እስከ ላይኛው መስመር ይሙሉ። ከመስመሩ አያሳልፉ፤ ትርፉ በሞተሩ ዳርና ዳር ይወጣል። የአየር ማጣሪያው ዘይት የሚይዘው ዓይነት ከሆነ ያንንም አፍስሰው፣ ጭቃውን አጥበው፣ በዚያው ዘይት እስከ ቀዩ ምልክት ይሙሉት። ለዚህ ነው 2.5 ሊትር ሳይሆን ቢያንስ 3 ሊትር የሚገዛው።

ወዲያው አያስነሱት። ወደ ኮይሉ የሚገባውን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነቅለው ጫፉ ብረት እንዳይነካ አድርገው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ያዙሩት፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። ከዚያ ሽቦውን መልሰው ያስነሱ። መኪናው ከአንድ ወር በላይ ቆሞ በነበረ ቁጥርም ይህንኑ ያድርጉ።

በመካከል

ኪሎ ሜትሩን አይጠብቁ። 5000 ኪሎ ሜትር በየጊዜው ለሚነዳ መኪና ነው፤ ለሚቆም መኪና በየስድስት ወሩ ይቀየር። ሰኔና ታኅሣሥ ይመቻሉ፤ የሰኔው በክረምቱ እርጥበት ንጹሕ ዘይት ይዞ እንዲቆም ያደርገዋል።

በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ርቀት ይንዱት። ግቢ ውስጥ አስነስቶ 10 ደቂቃ ማቆየት የባሰ ነው፣ ውሃና ቤንዚን ይጨምራል እንጂ ዘይቱን አያሞቀውም። ብዙ ቮልሶች ላይ ከሞተሩ ሥር ያለው ቴርሞስታትና የአየር መዝጊያ ሽፋኖቹ ተነቅለው ተጥለዋል። እነዚህ ሞተሩ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ቀዝቃዛውን አየር የሚይዙ ናቸው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ከተማ ቢመለሱ ዘይቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃውም ቶሎ ይወጣል።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ፣ ቅባት የመሰለ ነገር ካዩ በቮልስ ላይ የሚያመለክተው የተጠራቀመ እርጥበትን ነው፤ ረጅም መንገድ ይንዱት፣ ካልጠፋ ዘይቱን ይቀይሩ። በውሃ የሚቀዘቅዝ አሮጌ ኮሮላ ወይም ፔጆ ላይ ግን ያው ነጭ ነገር የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ሊሆን ስለሚችል የራዲያተሩ ውሃ መቀነሱን ያረጋግጡ፤ እየቀነሰ ከሆነ ሳይነዱ መካኒክ ያስጠሩ።